የጋሼ ተሰማ ጭድ

ማክሰኞ ጠዋት የእድሩ ጥሩንባ ሲነፋ እኔ መኪናዬ ስር ተኝቼ የሞተር ዘይት እያፈሰስኩ ነበር። ጥሩንባ ነፊያችን ጥርሱ ስላለቀ ስም ሲጠራ ግማሹን ይውጠዋል። «አቶ ተሰማ...» አለ፤ ቀጥሎ የአባት ስም መሰለኝ አንድ ነገር አጉረመረመ፤ «...አርፈዋልና፣ ቀብር በስድስት ሰዓት ራጉኤል፣ ባለእድር እንዳትቀሩ!» መርካቶ ውስጥ ተሰማ የሚባል ሰው ሞልቷል። ሌላ ተሰማ ይሆናል ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ። ጥሩንባውን ደግሞ ነፍቶ «የጋራዡ ዘበኛ፣ የሰባተኛ ሰፈሩ!» ሲል ግን ሌላ ተሰማ መፈለጉን ተውኩት።

ወዲያው አልተነሳሁም። ዘይቱ ጠብ ጠብ ብሎ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ብሎኗን መለስኩ፣ አጠበቅኩ፣ በጨርቅ ጠረግኩ፣ ጣቴን ዙሪያዋን አዞርኩባት። ሰው ሞተ ተብሎ እየተለፈፈ ብሎን የሚያጠብቅ ጤነኛ ነው? የሚለኝ አይጠፋም። የሞቱትን ሰው የሚያውቅ ግን አይለኝም። ጋሼ ተሰማ በግማሽ የተተወ ብሎን ከሚያዩ ቀብራቸው ላይ ሰው ባይገኝ ይመርጡ ነበር። ሥራዬን ጨርሼ፣ እዚያው ከመኪናዬ ስር ባነጠፍኩት ጭድ ላይ በጀርባዬ እንደተኛሁ ነው እንባዬ የመጣው። እንባውም ብዙ አልነበረም። ደክሞኛል፤ ሰው ሲደክመው ለቅሶም ያንሰዋል።

ስለ ጋሼ ተሰማ አውቶቡስ ተራ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ሹፌሩ ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚነግራችሁ። «ራሴ እሰራለሁ ብሎ ሰው የሰበረ ሽማግሌ!» ይላችኋል። አዲስ ሹፌር መኪናውን በራሱ እጅ ሊነካካ ሲያስብም «እንደ ተሰማ እንዳትሆን» ይሉታል። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ስሰማ ኖርኩ፤ አንድም ቀን አፌን ከፍቼ «አይደለም» አላልኩም። አደጋው የደረሰበት የዚያ ቅዳሜ ታሪክ ግማሹ እኔ ጋ ነው ያለው። እሱን ነው አሁን የምጽፈው፤ ከዚያ በፊት ግን ሰውየውን ላሳያችሁ።

ረጅም ነበሩ። ዘበኛ ከመሆናቸው በፊት የሚነዷት ታክሲ ደግሞ ያቺ ትንሿ ሰማያዊና ነጭ፣ ሰይቼንቶ የምትባል የጣሊያን መኪና ናት፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነው። ሲገቡባት መጀመሪያ ባርኔጣቸውን ያስገባሉ፣ ቀጥሎ አንድ እግራቸውን፣ ቀጥሎ ወገባቸውን አጥፈው የቀረውን፤ ከተቀመጡም በኋላ ጉልበታቸው ከመሪው ጋር ይጋጫል። ተሳፋሪው ይስቃል። እሳቸው አይስቁም፣ አይቆጡምም፤ በመስታወቱ አየት አድርገው «ወዴት ልውሰድዎ?» ይላሉ። እናቱ ጭን ላይ ለተቀመጠ ሕፃንም «እርስዎ» ነው የሚሉት። መኪናቸው ውስጥ የገባ ሁሉ ለእሳቸው እንግዳ ነበር።

ከጎጃም የመጡት በወጣትነታቸው ነው። እዚህ መጀመሪያ ያገኙት ሥራ፣ አገሩ ሳይመለስ የቀረ የአንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ዕቃ በቤንዚን ማጠብ ነበር። ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ የሚለውን ሁሉ እዚያ ለመዱት፤ ጣሊያንኛ ግን አንድ ሰላምታ እንኳ አያውቁም። «የመኪናዋን የሆድ ዕቃ ስም ነው ያስተማረኝ፤ ሰው እንዴት አደርክ የሚባልበትን አላስተማረኝም» ይሉ ነበር። ጋራዡን ለምን እንደተዉት አንዴ ጠየቅኳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን አዩት፤ ሲያስቡ እንዲህ ያደርጋሉ።

«ባለመኪናው ከአጥር ውጭ ቆሞ ይጠብቃል» አሉኝ። «እኛ ከአጥር ውስጥ የፈለግነውን እናደርጋለን። አንድ ቀን አንዱ ያላጠብኩትን ዕቃ አጠብክልኝ ብሎ አመሰገነኝ። እጄን ጨበጠኝ እኮ! አፈርኩ። በሳምንቱ ወጣሁ።»

ከዚያ ወዲህ መኪናቸውን ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። የሰው መኪናም አይነኩም ነበር፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅላቸውም። ሹፌሮች ሞተራቸው ሲያስልባቸው ወደ እሳቸው ይሮጣሉ። እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አጠገቡ ይቆሙና «እጅህን አስገባ» ይላሉ። ሌላ የለም። የት እንደሚያስገባ ይነግሩታል፣ ምን እንደሚዳስስ ይነግሩታል፤ የሚዳስሰው ግን ባለቤቱ ነው። አንድ ጊዜ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ በረጅም ጥቁር መኪና የሚሄድ የቤተ መንግሥት ሰው አውቶቡስ ተራ መሃል መኪናው ቆመበት። ሹፌሩ የት እንደሄደ እንጃ፣ ብቻውን ነበር። ሰዎች ጋሼን አሳዩት። «ኮትዎን ያውልቁ» አሉት። ሰውየው ሳቀ፤ የምር መሆናቸውን ሲያይ አወለቀ። ቤንዚን የሚያመላልሰውን ቱቦ ራሱ ፈትቶ በአፉ እንዲነፋው አደረጉት። ነፋው፤ ቤንዚን ዋጠ፤ አሳለው፤ ዓይኑ በእንባ ሞላ፤ መኪናው ተነሳ። ተሸካሚው ሁሉ አጨበጨበለት። ከዚያ በኋላ በዚያ ባለፈ ቁጥር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ!» እያለ ነበር የሚያልፈው። እንደዚያ ደስ ያለው ሰው አውቶቡስ ተራ ላይ አይቼ አላውቅም።

እኔና እሳቸው መኪኖቻችንን የምናሳድረው ከጭድ ተራ ጀርባ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። መሬቱ አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ጭቃ። የጋሼ የጭድ ነገር የመጣው ከዚህ ነው። መኪናቸውን ሊሰሩ ሲሉ ከጭድ ተራ አንድ ሸክም የጤፍ ጭድ ይገዙና ከስሯ ያነጥፋሉ። በላዩ ላይ ተኝተው ይሰራሉ። ሲጨርሱ ግን አይጠርጉትም። እዚያው ያሳድሩትና ጠዋት መኪናዋን ገፋ አድርገው፣ ቁጢጥ ብለው ያነቡታል። ማንበብ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። የሞተር ዘይት ጭዱን ያጠቁረዋል። የካምቢዮ፣ ማለትም የማርሹ ዘይት ወፍሮ ያጣብቀዋል። የራዲያተር ውሃ የዛገ ክብ ይተዋል። የፍሬን ዘይት ትንሽ እርጥበት ብቻ ነው፤ ዓይንን አስጠግቶ ላላየው አይታይም። ጭዱ ንጹሕ ከሆነ «አድራለች» ይላሉ፣ ምንም አላፈሰሰችም ማለታቸው ነው፤ ጭዱን ሰብስበው አህያ እንዳይበላው ያቃጥሉትና ወደ ሥራ ይሄዳሉ።

እኔ ያኔ ሰባተኛ ያለ ጋራዥ ነበር የማስሠራው። በዚህ ጉዳይ ሁልጊዜ እንከራከር ነበር። ክርክሩ ደስ ይለኝ ነበር ልበል? አይ፣ ያደክመኝ ነበር። ከንጋት እስከ ምሽት ተሳፋሪ፣ ዕቃ፣ ፖሊስ፣ ጡሩንባ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ መኪና ስር መግባት!

«ጋሼ፣ እኔ ሹፌር ነኝ፤ ሁሉንም ልቻለው እንዴ?» እላቸዋለሁ።

«ቻለው ማን አለህ? እወቃት ነው ያልኩህ።»

«ጋራዥ ቢሰራው ሲበላሽ የሚጠየቅ ሰው አለ። ወረቀት ይሰጡኛል።»

«እንግዲህ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲከዳህ ወረቀቱን አውጥተህ አሳያት» አሉኝ። ቀስ ብለውም ጨመሩ። «ታደሰ፣ እኔ ስጠየቅ እኔ ነኝ ማለት እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አይደለም።»

ይህን ያሉኝ በሰኔ ነው። የሆነው ሁሉ የሆነው በሐምሌ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጋሼ የኋላ ቀኝ ጎማቸውን አውልቀው የፍሬኑን ጎሚኒ ቀየሩ፤ ዘይቱን ይዛ የምታቆመውን ያቺን ትንሽ ላስቲክ ማለት ነው። አዲስ ጭድ አንጥፈው ነበር። ሲጨርሱ ወገባቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሱ፤ ያን ቀን ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። «ጠዋት ጭዱ ይነግረናል» ብለው ሄዱ።

እኔም ሥራ ወጥቼ አመሻሽ ላይ ተመልሼ ገባሁ። ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ውሏል፤ ግቢው ጭቃ ነው። የፍሪሲዮኔ ገመድ ላልቶ ስላስቸገረኝ ቅዳሜን፣ የገበያውን ዋና ቀን፣ ጋራዥ ስጠብቅ ከማሳልፈው ዛሬ ራሴ ልሞክረው አልኩ። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ላስገባ የተነሳሁት ያን ቀን ነበር። የምተኛበት ጭድ የለኝም። ጭድ ተራ ተዘግቷል። የጋሼ ጭድ ግን እዚያው፣ ከመኪናቸው ስር፣ ደረቅ ሆኖ ተነጥፏል። «ጠዋት ሲከፈት ገዝቼ እተካላቸዋለሁ፤ ጭድ ጭድ ነው» አልኩ። በክንዴ አቅፌ ወሰድኩት፣ ከእኔ መኪና ስር በተንኩት፣ ተኛሁበት፣ ገመዷን አጠበቅኳት። ምንም እርጥበት አላየሁም፤ መሽቷልና ዓይኔም አልሰራ ብሎኛል።

በበነጋው ሳይነጋጋ ጭድ ተራ ደርሼ ተመለስኩ። አዲሱን ጭድ ከጋሼ መኪና ስር ሳነጥፍ፣ አሮጌው እንዳይታይብኝ ጠቅልዬ አጥሩ ጥግ ጣልኩት። ለምን ደበቅኩት? እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። የሰው ነገር ሳያስፈቅዱ መንካት ስለሚያስቀይማቸው ነው። የተሰረቀ ነገር የለ፣ የተጎዳ ሰው የለ፤ ብቻ ያቺን ቅያሜ ፈራሁ።

ጋሼ መጡ። ራጉኤልን ተሳልመው ነበር የመጡት። መኪናዋን ገፋ አደረጓት፣ ቁጢጥ አሉ፣ ጭዱን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። እኔ ከመኪናዬ አጠገብ ቆሜ መስታወት የምወለውል መስዬ በጎን አያቸዋለሁ። «ጋሼ፣ እሱ ጭድ እኮ...» ለማለት አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ተነሱ፤ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ተሰማኝ። «አድራለች» አሉ። ፍሬኑን ሁለት ጊዜ ረገጥ ረገጥ አደረጉት፤ ያዘ። ባርኔጣቸውን አስገቡ፣ እግራቸውን አስገቡ፣ ሄዱ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሰባተኛ በሚወርደው ቁልቁለት ፍሬኑ ከዳቸው። የእጅ ፍሬን ስበዋል፣ ማርሽ ቀንሰዋል፤ የሚያውቁትን ሁሉ አድርገዋል። ገበያተኛው መሃል እንዳይገቡ ወደ ድንጋዩ አጥር ዞሩ። ከአጥሩ አጠገብ ከድር የሚባል የአውቶቡስ ተራ ተሸካሚ ሁለት ጆንያ ጭኖ ወገቡን አጉብጦ ይሄድ ነበር፤ ጡሩንባ ሲሰማ ቀና ብሎ ለማየት ሸክሙ አልፈቀደለትም። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ።

እኔ የደረስኩት ፖሊስ ጣቢያ ነው። የጃንሆይ ፎቶግራፍ ከተሰቀለበት ግድግዳ ስር ጋሼ ቆመዋል፤ ግንባራቸው ላይ ደም ደርቋል። ክንዱ ላይ ሁለት መስመር ያለው ፖሊስ እየጻፈ ይጠይቃቸዋል፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

«ፍሬኑን ማን ነው የሰራው?»

«እኔ ነኝ።»

«የት ጋራዥ ገባች?»

«ጋራዥ አልገባችም።»

«እሺ ወረቀት አለዎት? የሠራተኛ ወረቀት፣ የምስክር ነገር?»

«የለኝም ልጄ። እጄ ነው» ብለው አሳዩት።

ፖሊሱ እጃቸውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ጻፈ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እግሬ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ምን ልበል? «ጭድ ወስጄባቸዋለሁ» ልበል? ይስቁብኛል አልኩ። ደግሞም ጎሚኒው ዛሬ እንጂ ትናንት ላይሆን ይችላል የለቀቀው አልኩ። ሰው ሲፈራ ብዙ ብልሃት ይመጣለታል። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ፤ በዓይናቸው ሂድ አሉኝ፤ ሄድኩ።

ቤቴ ስገባ የትናንቱ ሸሚዜ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። አወረድኩት። ቀኝ ትከሻው ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል እርጥበት አለች። አሸተትኳት። የፍሬን ዘይት ሽታ ሌላ ነገር አይመስልም። የእኔ መኪና በዚያ በኩል የሚንጠባጠብ ነገር አልነበራትም። የጋሼ ጭድ ዓርብ ማታውኑ ሊናገር የጀመረውን ነገር እኔ በትከሻዬ ይዤው ሄድኩ ማለት ነው። ሸሚዙን ይዤ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በማግሥቱ ሄጄ መናገር እችል ነበር። በሳልስቱም። አልሄድኩም።

ጋሼ አርባ ቀን ታስረው ወጡ። መንጃ ፈቃዳቸው ተነጠቀ። ሰይቼንቶዋን ሸጡ፤ ማን እንደገዛት አልጠየቁም። ቀጥሎ የሰማሁት እኔ በማሠራበት በዚያው የሰባተኛ ጋራዥ በር ላይ ዘበኛ ሆነው መግባታቸውን ነው። መኪናቸውን ጋራዥ አስገብተው የማያውቁት ሰው ለሌላው መኪና በር ከፋች ሆኑ። ይህን ስሰማ አላመንኩም፣ ሄጄ ማየት ነበረብኝ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ትልቅ ካፖርት ለብሰው፣ ዱላ ይዘው፣ ከበሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ተነስተው ከፈቱልኝ።

«ምን ሆነች?» አሉኝ።

«ፍሬን ላሳያት ብዬ ነው ጋሼ።»

«ለማን?»

«ለነሱ ነዋ።»

«አንተ እጅ የለህም?»

በሩን መልሰው ዘጉት። «ወደዚያ አቁማት፣ ከአጥሩ ውጭ» አሉኝ። አቆምኳት። ያን ቀን ነው ትምህርቴ የጀመረው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ፣ እሳቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው በዱላቸው ያመለክቱኛል፤ እኔ እጄን አስገባለሁ። ለሞተሩ እሳት የምትሰጠውን ካንዴላ ማጽዳት፣ ቫልቮላ ማስተካከል፣ ጎሚኒ መቀየር፣ አንድ በአንድ። እሳቸው ራሳቸው ግን ከዚያ አደጋ በኋላ መኪና ነክተው አያውቁም። እጃቸው ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነበር፤ በሙቀትም ጊዜ።

ጋራዡ ውስጥ ያሉት መካኒኮች ይስቁብን ነበር። «ጋሼ፣ ደንበኛ እያባረሩብን ነው» ይሏቸዋል። ለነገሩ እነሱ መጥፎዎች አልነበሩም፤ ሥራቸውን ይሰራሉ፣ ወረቀታቸውን ይሰጣሉ። እኔም አሁን ሰው ቢጠይቀኝ ጋራዥ አትሂድ አልልም። ደክሞኛል፤ እድሜዬም እየገፋ ነው፤ ጭድ ላይ ተኝቶ መነሳት በየወሩ ይከብደኛል። የማልተወው ለሌላ ምክንያት ነው።

ሥራችንን ስንጨርስ ጋሼ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ይለቁልኛል። አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ከድር ወደ ሥራ መመለሱን፣ እያነከሰ ቢሆንም ቀላል ቀላሉን እንደሚሸከም የነገሩኝ እዚያ ነው፤ እየሄዱ ይጠይቁት ነበር። እሱ ግን ሰላምታቸውን አይመልስላቸውም። «ልክ ነው» ይላሉ። «እኔም ብሆን አልመልስም።» እንዲህ ሲሉ ከጎናቸው ተቀምጬ የጫማዬን ጫፍ አያለሁ።

አንድ ቅዳሜ ቆረጥኩ። «ጋሼ» አልኳቸው።

«አቤት» አሉ። ድምፄ ተለይቶባቸው ነው መሰለኝ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፣ ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞሩ። ያን ያህል ቀርበውኝ ያየኋቸው አልመሰለኝም። የዓይናቸው ጥቁር ዳር ዳሩ ነጥቷል።

«ካንዴላዎቹ... መቀየር አለባቸው ይላሉ?» አልኳቸው።

ብዙ አዩኝ። ከዚያ ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ። «ቀይራቸው» አሉ።

ማክሰኞ ቀብሩ ላይ ሰው አልበዛም። ዝናብ ያካፋ ነበር። ሐሙስ ዕለት ለቅሶ ቤት ስገባ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከጥጉ ፍራሽ ላይ ሆነው በእጃቸው ጠሩኝ። ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ሌላው ሰው እርስ በርሱ ያወራል።

«ታደሰ፣ ጋሼህ ያን ቅዳሜ ጭዱን አይቶት ነበር እኮ» አሉኝ።

«የቱን ጭድ?» አልኩ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«አንተ ያነጠፍከውን ነዋ።»

እትዬ አስካለ አልተቆጡም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው እንደ ተራ ነገር ቀጠሉ።

«'የትናንቱ ጀርባዬ የተኛበት፣ የተጨፈለቀ ነው፤ ይሄ ግን ተነፍቶ ያበጠ ጭድ ነበር' አለኝ። 'ታደሰ ለእኔ ብሎ ደረቁን አነጠፈልኝ ብዬ አሰብኩ' አለኝ። ስለዚህ ጭዱ ምንም እንዳልነገረው ያውቅ ነበር። ጎማውን እንደገና አውልቆ ማየት ነበረበት። 'ደከመኝ፣ አስካለ፣ ያን ቀን ወገቤ እምቢ አለኝ፤ በሕይወቴ አንድ ቀን ሳላይ አየሁ አልኩ' አለኝ። ጥፋቱ የሱ ነበር።»

«የወሰድኩት እኔ ነኝ እትዬ» አልኩ። ስድስት ዓመት ያልወጣ ቃል፣ ለለቅሶ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ እንዲያ በቀላሉ ወጣ። «ለእሳቸው ብዬ አይደለም ያነጠፍኩት። ተኝቼበት ነው። ዘይቱ ትከሻዬ ላይ ነበር።»

«እሱንም ኋላ ደርሶበታል። ዘይት የነካውን አሮጌውን ጭድ አጥሩ ጥግ ተጠቅልሎ አግኝቶት ነበር፣ ከእስር ሲወጣ መኪናዋን ሊሸጥ ሲሄድ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«'እኔ ከጀመርኩት ወቀሳ ይመስለዋል፣ ሸሽቶ ይቀርብኛል' አለ። 'እሱ መጥቶ ሲነግረኝ ግን ጥፋቱ የኔ እንደሆነ እነግረዋለሁ፣ ይቀለዋል' አለ። ቅዳሜ ማታ ሲገባ፣ 'ነገረህ?' እለዋለሁ። 'ዛሬም አልነገረኝም፤ ስለ ካንዴላ ነው ያወራኝ' ይለኛል።» እትዬ አስካለ ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፤ ፊታቸው ግን አልታዘዘላቸውም። «ጠበቀህ ልጄ። ባለፈው ቅዳሜ እንኳ ትኩሳት ይዞት ሳለ ካፖርቱን ለብሶ ሄደ።»

ባለፈው ቅዳሜ አልሄድኩም ነበር። ደክሞኝ ተኝቼ ዋልኩ።

ከለቅሶ ቤት ወጥቼ በእግሬ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። ከድርን ከአውቶቡሶቹ ጎን፣ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የታመመ እግሩን ዘርግቶ አገኘሁት። አጠገቡ ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ጭዱን፣ ሸሚዙን፣ ፖሊስ ጣቢያውን፣ አግዳሚውን። አላቋረጠኝም። ሲሰማ ጉልበቱን ያሸው ነበር። ይሰድበኛል፣ ምናልባት ይመታኛል ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔማ እግሬ ገጥሟል፣ ይኸው እሄድበታለሁ» አለኝ በመጨረሻ። «ሽማግሌው በመጣ ቁጥር ፊቴን አዞርበት ነበር። አሁን ምን ላድርገው? ለሱ ነበር መንገር የነበረብህ።»

«አዎ» አልኩት።

«ለኔ ነገርከኝ። ለነሱስ?» አለና በአገጩ ታክሲዎቹ የተደረደሩበትን አሳየኝ።

ተነስቼ ሄድኩ። ሹፌሮቹ እንደ ወትሮው ከመጀመሪያዋ መኪና ጀርባ ተሰብስበው ያወራሉ። አንዱ ሲያየኝ «ታደሰ፣ ያ ሽማግሌ ሞተ አሉ፤ ያ ራሴ እሰራለሁ ብሎ ሰው የሰበረው» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት። ድምፄ እንደ እድራችን ጥሩንባ ነፊ ግማሹ ተውጦ ወጣ፤ ስለዚህ ደግሜ ተናገርኩት።